አባቷ ዝም ያሉበት ቪዲዮ

ዱኒያ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሕፃናት ታስተምራለች። ቀኑን ከልጆች ጋር ስትጯጯኽ ስለምትውል ማታ ከአባቷ ጋር መቀመጥ ያሳርፋታል። ዐብዱልዓዚዝ በባቡር ጥገናው ብየዳ ሲሠሩ ያረጁ፣ በወሬ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ይጀምሩና መሃል ላይ ቆም ይላሉ። ጉልበታቸውን እያሹ ግድግዳውን ያያሉ። ሰሚው ረሱት ብሎ ሲተወው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ባለፈው ረመዳን ጅቡቲ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው አያን ደወሉ። «እኔ እንግዲህ መንገድ አልችልም» አሏት ዱኒያን። «አባትሽ የልጅነታችንን ሲያወራ ቅረጪውና ላኪልኝ።»

ዱኒያ ስልኳን መጻሕፍት ላይ አስደግፋ መቅረጽ ጀመረች። የፊታቸው ሽብሽብ ሁሉ እንዲታይ ብላ ትልቁን ጥራት መረጠች። ስልኩ ሲሞላ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠች፤ ላፕቶፑም ሞላ።

መከራው የመጣው ቆራርጣ ካያያዘችው በኋላ ነው። አንድ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣው ኤክስፖርት ስትለው ላፕቶፑ ያጓራል፣ በድሬ ሙቀት ላይ የራሱን ይጨምርና ይፋጃል፣ ግማሽ ደርሶ ድርግም ይላል። እንደምንም ሲወጣላት ደግሞ ፋይሉ ከመግዘፉ የተነሳ አልላክ አለ። አክስቷ ይደውላሉ፤ «የት አደረስሽው?»

ማሳጠር አለብኝ ብላ ዝምታዎቹን አንድ በአንድ ቆርጣ ጣለች። እውነትም ቪዲዮው በግማሽ አጠረ፣ ቶሎም ወጣ። ደስ ብሏት አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ አሳየቻቸው።

«እንዴት ነው አባ?»

«ጥሩ ነው። ሰውየው ማነው?»

«አንተ ነህ እንጂ!»

«እኔ እንዲህ አላወራም» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «እናታችን የሞተችበትን ቀን ሳነሳ ዝም ብዬ ነበር። እሱን የት አደረግሽው?»

ዱኒያ ቪዲዮውን አቆመችው። ለእሷ ምንም ያልተባለበት ባዶ ቦታ ነበር።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ሰማታር ጋ ሄደች። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ።

«ሰውየውን ለምን ትቆርጫለሽ? ምስሉን አቅልዪው እንጂ! አክስትሽ በስልክ ነው የሚያዩት፤ ይሄ ጥራት ለሲኒማ አዳራሽ ነው።»

«ፊቱ እንዳይደበዝዝብኝ ፈርቼ ነው።»

«ዋናውን ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪና አስቀምጪው፤ ማንም አይነካውም። የምትልኪው ቅጂ ግን ይቅለል። በአንዴ ሳይሆን ከፋፍለሽ አውጪው። ላፕቶፑንም አልጋ ላይ አታስቀምጪው፤ ይታፈናል።»

ዋናውን አስቀምጣ ዝምታዎቹን መመለስ ጀመረች። ስትቆርጣቸው አልሰማቻቸውም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ መስማት ግድ ሆነባት። በአንዱ ውስጥ ከውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ አባቷ ምራቃቸውን ይውጣሉ። እናታቸውን ባነሱበት ላይ ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ይላወሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ስም ይሁን ዱዓ ለይታ አላወቀችም። ልትጠይቃቸው አሰበችና ተወችው።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ፣ ላፕቶፑን የወለሉ ሴራሚክ ላይ አድርጋ አንዱን ክፍል ካንዱ አስከትላ አወጣች። አልጠፋባትም። የፊታቸው ሽብሽብ ትንሽ ደብዝዟል፤ አባቷ ግን አባቷ ናቸው። ላከችው።

አያን ደወሉና፣ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ፣ «ወንድሜን ስጪኝ» አሏት። ዱኒያ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን አባቷ ፊት አስቀመጠችው።

«እናታችን ጋ ስትደርስ ዝም አልክ» አሉ አያን። «እኔም ተራዬ መስሎኝ ስልኩን ይዤ ስለፈልፍ ልጆቹ መጥተው አዩኝ።»

«እና ያኔ ምን አልሽኝ?»

አያን ወደ ሶማልኛ ገቡ። እናታችን የሞተች ቀን አንተ ትንሽ ስለነበርክ ከበሩ ውጭ አስቀርተንህ ነበር፤ ውስጥ የሆነውን ማንም አልነገረህም፤ አሁን ልንገርህ፣ አሉ። ዐብዱልዓዚዝ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ዱኒያ ቀስ ብላ ተነስታ ወጣችና በሩን ዘጋችላቸው።