አሞጽ ለምን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዳል?

የአሞጽ አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ላስላላችሁ። ብሩን ተዉት፣ እሱ ትንሹ ነው።

ከግቢያችን እሱ ያኔ ይሠራበት እስከነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። አሞጽ ግን ሥራ ከመግባቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ይወጣል። ባጃጁ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ይህችን ሁለት ቃል ሰው ፊት ማውጣት አይችልም። ሌላ ተሳፋሪ እዚያው ካልወረደለት ባጃጁ መስመሩ እስከሚያልቅበት እስከ ቡናው መጋዘን ይወስደዋል። ከዚያ አርባ ደቂቃ በእግሩ ይመለሳል። ምሳ ሰዓት ምግብ ቤት ገብቶ አጨብጭቦ አስተናጋጅ መጥራት ስለማይሆንለት ጓሮ ቆሞ ሁለት ሙዝ ይበላል። ማታም እንደዚያው ነው፤ ግቢያችንን አልፎ መናኸሪያ ይደርስና ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደምሩት። ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ፣ አንድ ምሳ፣ በላብ የራሰ ሸሚዝ። በዝናብ ጊዜ ጫማውንም ጨምሩበት፤ በከተማችን በሚዛን ዝናብ የሌለበትን ጊዜ እናንተ ካወቃችሁ ንገሩኝ።

ይህን ሁሉ ይከፍል የነበረው ሥራ እንዳያጣ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ይተይባል፤ ሰው አያናግርም። ባለቤትየዋ ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ፊት ለፊት ተቀምጠህ ደንበኛ ካላስተናገድክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብላው ነበር። ስለዚህ ሰው ፊት የማያቆመው ሥራ ቶሎ ማግኘት ነበረበት።

ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የማውቀው የሚያጠራጥረውን ብቻ ነበር።

አሞጽ ቱም ከምትባል ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ወደ አከራያችን ወደ እትዬ ውድነሽ ግቢ ሲመጣ ከእኔ ክፍል በጭቃ ግድግዳ የሚለየውን ክፍል ተከራየ። መታወቂያውን አሳየ፣ ኪራዩን ከፈለ፣ በሩን ዘጋ። በቃ። የቡና ቅጠል አፍልተን ስንጠራው በእጁ ምልክት እየሰጠ ያልፋል። ሰላም ስንለው መሬት መሬት እያየ አንገቱን ይሰብራል። በዚህ ጊዜ ፀጉረ ልውጥ ሰው ካያችሁ ጠቁሙ ይባላል፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁላችንም እሺ ብለናል።

አንድ ጊዜ ብቻ በክፍሌ በር ሥር ወረቀት ሸጎጠልኝ። «ዶሮዎ እኔ በር አጠገብ እየጣለች ነው። ሦስት ናቸው። አሞጽ።» እንቁላሎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል። አመስግኜው ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ግን አራት ነበሩ እንዴ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ደግሞ የጠዋቱ ድምፅ አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ሳራን ሳጠባ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አውርደኝ።» እንደገና ወፈር አድርጎ «እዚህ ጋ አውርደኝ።» የሚመልስለት የለም። ስልክ ነው እንዳልል፣ ስልክ ላይ ያለ ሰው አንድ ነገር አሥር ጊዜ አይደጋግምም።

ልብስ ሳጥብ ለእትዬ ውድነሽ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ያ ልጅ ብቻውን ያወራል።»

«ብቻውን ነው? ወይስ እኛ ያላየነው ሰው አለ?»

«እኔ እንጃ። አውርደኝ ነው የሚለው።»

«ምን ላይ ወጥቶ ነው የሚያወርዱት?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። «አንቺ ግን በርሽን ቆልፊ። ሕፃን ይዘሻል።»

በሳምንቱ ደግሞ ባጃጅ የሚነዳው ከድር፣ ማዶ የሚኖረው፣ ሲያገኘኝ ባጃጁን አቆመ።

«ያንቺ ጎረቤት መጋዘኑ ጋ ምን ቀብሯል?»

«ምን አደረገ?»

«ሰው ሁሉ ወርዶ እሱ አይወርድም። መጨረሻ ላይ ይወርድና የመጋዘኑን በር ትክ ብሎ ያያል። አይገባ፣ አይሄድ። ከዚያ በአጥሩ ጀርባ ይዞራል። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ይለቅማል።»

«ምን?»

«መች ይናገራል! ‹ምነው፣ ለባጃጄ ዘበኛ ሆነህ ተቀጠርክ እንዴ?› ብዬ ብቀልድ በላብ ተጠመቀ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ አሞጽ ሲያወራ ያልሰማው አሞጽ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ ከመጋዘኑ ስድስት ጆንያ ቡና ጠፋ ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሚሊሻዎችና የመጋዘኑ ዘበኛ ግቢያችን ገቡ። ከኋላቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ እንድርያስ ናቸው። አሞጽን ግቢው መሃል አቁመው ክፍሉን ፈተሹ። ከአልጋው ሥር አምስት ባዶ የድልህ ቆርቆሮዎች ወጡ። ባዶ አልነበሩም ግን። ቡና አለባቸው።

«ማሳ አለህ?» አለው አንዱ ሚሊሻ።

ዝም።

«ቡና የሚያመርት ዘመድስ?»

አሞጽ መሬት መሬት ያያል። በእኛ አገር ቡና በሰው ቤት መገኘቱ ምንም አይደለም፤ ማሳም ዘመድም የሌለው ሰው አልጋ ሥር፣ በቆርቆሮ ተከፋፍሎ ሲገኝ ግን ሌላ ነው።

«ንጹሕ ሰው እንዲህ መሬት መሬት አያይም» አለ ዘበኛው።

እትዬ ውድነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠዋት ጠዋት ‹አውርደኝ› ሲል ትሰሚው የለ? ንገሪያቸው እንጂ።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። የሰማሁት እውነት ነው፤ ግን ሌላ ሰው ሲናገረው ወንጀል መሰለ።

«እሺ፣ ከአጥሩ ላይ ጆንያውን የሚያወርድልህ ማን ነው?» አለው ሚሊሻው።

የአሞጽ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ጣቢያ እንውሰደው አሉ። ቅዳሜ የተወሰደ ሰው ሰኞም ላይመለስ ይችላል፤ ሰኞ ካልገባ ደግሞ ያችኑ የፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ያጣል። በእኔ አፍ።

ያን ጊዜ የእንቁላሉ ወረቀት ትዝ አለኝ። ሳራን እንዳዘልኩ ገብቼ ደብተርና እስክሪብቶ አመጣሁ።

«አቶ እንድርያስ፣ ይጻፍልዎ። ይህ ልጅ ይጽፋል፣ አውቃለሁ።»

«ይጻፋ፣ ማን ከለከለው?»

«ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አይሆንለትም። ዞር በሉለት።»

ሚሊሻው ሳቀ። «ለተጠርጣሪ ጀርባ ይሰጣል እንዴ? ቢያመልጥስ?»

«በሩ በእኛ በኩል ነው» አሉ አቶ እንድርያስ። መጀመሪያ እሳቸው ወደ አቮካዶው ዛፍ ዞሩ። ከዚያ ሌሎቹ። መጨረሻ እትዬ ውድነሽ፣ እያጉረመረሙ። የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ቀረ።

የጻፈው ይህ ነው፤ ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ።

«ቡናውን የለቀምኩት ከአጥሩ ውጭ ከምትደፉት ጥራጊ ነው። በራችሁ ላይ የናሙና ክፍል ረዳት ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ለጥፋችኋል። በግንባር ቀርቦ ቃለ መጠይቅ ይላል። በየቀኑ አነበዋለሁ፣ መግባት ግን አልቻልኩም። ቡና አለያየት የሚያስተምር ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ስተይብ አንብቤ እሱን እየተለማመድኩ ነበር። ጠዋት የምናገረው ለባጃጅ ሹፌር ልለው የምፈልገውን ነው። ከዚህ በፊት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ዘጠኝ ቀን፣ ስልክ መሸጫ አንድ ወር ሠርቻለሁ። ሁለቱንም የተውኩት ሰው ፊት መናገር አቅቶኝ ነው። አልሰረቅሁም።»

አቶ እንድርያስ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ሰፌድ አምጪልኝ አሉኝ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ሰፌዱ ላይ ገለበጧቸው፣ እንዳይቀላቀሉ ለየብቻ። አንዱ ጥቁር ፍሬ ብቻ ነው። አንዱ ነቀዝ የበላው። አንዱ የተሰባበረ፣ አንዱ ያልበሰለ። አምስተኛው ውስጥ ጥቂት ጥሩ ፍሬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ከጥሩዎቹ አንዷን አንስተው ከነቀዙት ጋር ቀላቀሏት። መልሰው አንስተው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩዋትና፣ ልጁ ልክ ነበር መሰለኝ፣ ወደነበረችበት መለሷት።

«ሌባ የነቀዘ ቡና አይሰርቅም» አሉ።

«ለማስመሰል ቢሆንስ?» አለ ዘበኛው።

«እንደዚህ የሚያስመስል ሰው ካለ እቀጥረዋለሁ። አንተ ግን ጆንያዎቹ የወጡ ቀን ተረኛው ማን ነበር?»

ዘበኛው ቆቡን ማስተካከል አበዛ።

አሞጽን አልወሰዱትም። አቶ እንድርያስም ማክሰኞ መጋዘን እንዲመጣ በዚያው ደብተር ላይ ጻፉለት፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ማክሰኞ አንድ ትሪ ቡና ሰጥተው በሩን ዘግተውበት ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ተለይቶ፣ የየዓይነቱ ፍሬ ቁጥር ቅጹ ላይ ተሞልቶ አገኙት። ቃለ መጠይቁ ይኸው ነበር።

እኔ ግን አላመንኩም። ትናንት ሌባ ነህ ያሉት ሰው ዛሬ ና ሥራ ሲሉት ማን ያምናል? ሳራን አዝዬ ሄድኩና ጠየቅኋቸው።

«ሥራ ነው የሰጡት ወይስ ዓይንዎ ሥር ሊያስቀምጡት ነው?»

«ሁለቱም ይሆናል» አሉ፣ ሳያፍሩ። «ጆንያው እስኪገኝ ማንንም አላምንም፣ ራሴንም ጨምሮ። ግን ስሚ ልጄ፣ ለዚህ ሥራ አሥራ አንድ ሰው ጠይቄያለሁ። ሁሉም ጥሩ አድርገው አወሩልኝ። ቡናውን ያየ አልነበረም።»

ይህ ከሆነ አራት ወር አለፈ። ጆንያዎቹ አልተገኙም። ዘበኛው ተቀይሯል፤ ለምን እንደተቀየረ የነገረን የለም። እትዬ ውድነሽ አሁንም አሞጽ ሲያልፍ ኪሱን ያያሉ። እኔም አንዳንድ ጊዜ ሳላስበው ዓይኔ ይከተለዋል፤ ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ ቶሎ አይወጣም። ደሞዙ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ትንሽ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጋዘኑ መጨረሻው ፌርማታ ላይ መሆኑ ነው። ጠዋት ምንም ማለት አያስፈልገውም። ባጃጁ ይቆማል፣ አሞጽ ይወርዳል።

በግድግዳው በኩልም እንነጋገራለን። ፊቱን ስለማላይ ይመስለኛል፣ እዚያ ድምፁ ይወጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳውን መታ መታ አደርግና እንደ ከድር «የት ነህ ወንድሜ?» እለዋለሁ። «እዚህ ጋ አውርደኝ» ይላል። «አልሰማሁም፣ ሞተሩ ይጮሃል» እለዋለሁ። ጮክ ይላል። አንድ ቀን ሳቀም።

የቀረችው የማታዋ መንገድ ናት። አሁንም ብዙ ጊዜ ግቢያችንን አልፎ መናኸሪያ ይደርሳል። ስለ እሱ እንደምጽፍ ነግሬው፣ ለሚያነቡት የምትለው አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በማግሥቱ በበሬ ሥር ወረቀት አገኘሁ። እንዳለ እነሆ፦

«ማታ ከመጋዘን ወደ መናኸሪያ በሚሄድ ባጃጅ ከተሳፈራችሁ፣ አጠገባችሁ ቦርሳውን አቅፎ ደጋግሞ ወደ ውጭ የሚያይ፣ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ‹ወራጅ አለ› በሉለት። ሲወርድ ዞራችሁ አትዩት። አመሰግናለሁ ባይላችሁም አትቀየሙት፤ ቤቱ ገብቶ ይላችኋል።»