ደሜ የቀረበት ዓመት

የልጅ ልጄ የሞዴስ ማሸጊያ ስትቀድ የሚሰማው የላስቲክ ድምፅ ደስ ይለኛል። «ሐቦባ፣ ምን ያስቅሻል?» ትለኛለች፤ አያቷን እንዲያ ነው የምትጠራኝ፣ እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ ተወልዳ ያደገች ልጅ ግማሽ አፏ ዓረብኛ ነው። ለእሷ ምኑን እነግራታለሁ! ላንቺ ግን ልንገርሽ።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ከአገራችን ነቅሎ ገዳሪፍ አጠገብ የስደተኛ ካምፕ ሲጥለን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባሌ እኔንና እናቱን አንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ አስገብቶን፣ እሱ በሎሪ ተጭኖ ቁረይሻ ወደሚባል ቦታ የእርሻ ሥራ ፍለጋ ሄደ። ከአማቴ ጋር ተፋጠን ቀረን። ጎጆዋ ሁለት ሰው ካስተኛች መተንፈሻ እንኳ አይተርፋትም፤ ከላይ የተወጠረው ሸራ እኩለ ቀን ላይ ሲግል ሽታው አናት ይበሳል። ከካምፑ ያለ ወረቀት መውጣት አይቻልም። ብወጣስ ወዴት?

ባሌ በሄደ በሳምንቱ የወር አበባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀረ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። እንዲያ ባለች ጎጆ ምን ይደበቃል? ጨርቅ ሳላጥብ መክረሜን አማቴ አዩ። የሳቸው ከቆመ ዘመን ሆኖታል፤ ዓይናቸውን ከሆዴ ላይ አላነሣ አሉ። ሆዴም፣ አይ ሆዴ! ሌላው ገላዬ ክስት ብሎ እሱ ብቻ ተነፋ።

«ከማን ነው?» አሉኝ አንድ ጠዋት፣ ገንፎውን ከፊቴ እያስቀመጡ።

«እማማ፣ በማርያም፣ ከማንም።»

«ልጄ ይምጣ ብቻ።»

ልጃቸው መጥቶ ቢያባርረኝ በሰው አገር የት ልገባ ነው? ከባሌ ሌላ ወንድ አጠገቤ አልደረሰም። ግን ስሚኝ፣ ሰው ቀን ከሌት አፍጥጦ ሲጠረጥርሽ አንቺም ራስሽን ትጠረጥሪያለሽ። ጋደም ብዬ ሆዴን እየዳሰስኩ፣ የሚላወስ ነገር እንዳለ አዳምጥ ነበር። ለማበድ ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በእኛ ደንብ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ካምፑ ውስጥም በማሽላ አገዳ የታጠረች የሣር ቤተ ክርስቲያን ነበረችን። እሑድ አማቴ ሲገቡ እኔ ውጭ ቀረሁ። መጣልኝ ለማለት ነው እንግዲህ። እግዜርን በደጁ መዋሸት!

ግራ ቀኜን ሳይ ብቻዬን ነኝ። አገር ቤት ሁሌም አሥር አሥራ አምስት ሴት እንቆም ነበር፤ ወሬያችን ሲበዛ ዲያቆኑ ወጥቶ ይቆጣናል። እዚህ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት፣ አንዲትም ሴት የለች። ከውስጥ እየዞሩ ያዩኝ ጀመር። በኋላ ጎረቤታችን፣ አራት የወለደች፣ ምላሷ ማንንም የማይምር ሴት፣ ወደኔ ወጣች።

«መጣልሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«ምን እየበላሽ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ንገሪኛ! ከየት ነው የምትበዪው? እኔ እዚህ ከመጣሁ አላየሁም፤ እኅቴም አላየችም።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ውሸቴን ነው» አልኳት። «ከቀረብኝ አምስት ወሬ ነው። አማቴ አርግዘሻል ብለውኛል።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አቅፋኝ አለቀሰች። «አንቺ ሞኝ፣ ረሃብ እኮ ነው! የሁላችንም ደርቋል። አፍረን ዝም አልን እንጂ።» ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። «የኔም»፣ «የኔም» ተባለ። አንዲቱ መካን ሆኜ ቀረሁ ብላ ስታለቅስ ከርማለች፤ ሌላዋ መተት ነው ብላለች። ለካ ሁላችንም በየጎጆአችን ለብቻ ታስረን ኖሯል! ያን ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘን ውጭ ቆመን አስቀደስን። ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሽ ገባልኝ።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። ተከናንበው ሄዱ። ገንፎ ሲቀርብ የድርሻቸውን ግማሽ ወደኔ ገፉት።

«ብዪ» አሉኝ። «በድዬሻለሁ።»

ወደ ቁረይሻ ለሚሄድ ሰውም ለልጃቸው መልእክት ሰጡ፦ «ሚስትህን የሚያማ ቢኖር፣ እናቴ መስክራላታለች በል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ያካፍሉኝ ጀመር። «ጠግቤያለሁ» ይሉኛል። እኔም አመንኩ። ርቦኝ ስለነበር ነው ያመንኩት፤ ይኸው እስከዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ጠዋት ብቀሰቅሳቸው አልነሣ አሉ። ሳቅፋቸው ክብደታቸው የሕፃን ያህል ነበር።

የቀብራቸው ዕለት አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ልከተል ስል፣ ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ደሜ ነበር። ጎረቤታችን ክንዴን ይዛ ልታስገባኝ ስትል «መጣልኝ» አልኳት። እልል ልትል ከፍታው የነበረውን አፏን በእጇ ያዘችው። አብራኝ ልትቀር ፈለገች።

«ግቢ» አልኳት። «ልጃቸው ሩቅ ነው፤ እዚህ ሌላ ዘመድ የላቸውም። በኔ ፋንታ አልቅሽላቸው።»

በሳቸው ገንፎ የመጣ ደም እሳቸውን ከመሸኘት ከለከለኝ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ፊቴን አገዳው ላይ አስደግፌ ብቻዬን ቆምኩ።

«እማማ፣ መጣልኝ» አልኳቸው፣ ከውጭ ሆኜ።