ያልተረጎምኳት ጥያቄ

እዚህ እስራኤል ሰሞኑን ምርጫ ደርሷል፤ ከገዴራ ወደ ያቭነ ሥራዬ የሚወስደኝ አውቶቡስ ውስጥ ሬዲዮው አላስቀምጥ ብሎናል። ትናንት ጠዋት ሁለት የክነሴት፣ የፓርላማው፣ አባላት በግብር ጉዳይ ተያያዙ። አንዱ "የሕዝቡን ኪስ ያራቆታችሁት እናንተ ናችሁ" ይላል፤ ሌላይቱ "የመንግሥትን ገንዘብ ለራሳችሁ ሰዎች የበተናችሁት እናንተ" ትላለች። ሹፌሩ ይስቃል። እኔን ግን ሆድ ባሰኝ። እንዲህ ያለውን ጠብ አንድ ጊዜ ለሽማግሌዎች በአማርኛ ተርጉሜ ነበር፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ መግቢያ አጣለሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። የግዴታ የጦር ሠራዊት አገልግሎቴን ጨርሼ ቂርያት ማላኪ ከተማ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ፤ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት እሠራለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ነው የኖረው። ባወራው ባወራው "እህ" ብቻ ነበር መልሱ። ኋላ በሰፈራችን የሽማግሌዎች ሞዓዶን ተከፈተ፤ ማሞቂያ ያለው አንድ አዳራሽ ነው፣ ቀን ቀን እየተሰበሰቡ የሚውሉበት። ጠዋት ዕብራይስጥ ይማራሉ፣ ምሳ ትኩስ ሾርባ ይጠጣሉ፣ የቀረው ጨዋታ ነው። አባቴ ጢሙን መከርከም ጀመረ። አንድ ቀን ደብተሩን ዘርግቶ "እዪ ልጄ፣ ስሜ ነው፣ ራሴ ጻፍኩት" አለኝ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ክረምት በጀቱ ተቆረጠና ሞዓዶኑ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ተባለ። አባቴ እንቅልፍ አጣ። እኔም ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ያ ግድግዳ እየጠበቀው ነበር።

የምርጫ ሰሞን ስለሆነ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ተራ በተራ መጡልን። መጀመሪያ የመጡት "የቆረጡት እነዚያ ናቸው" ብለው ሄዱ። በሳምንቱ እነዚያ መጡ፤ አስተርጓሚያቸው ስላልተገኘ እኔን ያዙኝ። ቦርካስ የሚሉት አይብ የተሸጎጠበት ትንንሽ ዳቦና ጭማቂ ለእንግዳው ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። የመጣው የክነሴት አባላቸው በዝናብ የራሰ ጫማውን እየጠራረገ ሲገባ ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ፤ "ዕድሜ ይስጥዎ፣ ያክብርዎ" ብለው መረቁት። እኛ ደጃችን የመጣን ሁሉ እንመርቃለን። እሱ ግን ምርቃቱ የምርጫ ድምፅ መስሎት ፊቱ በራ።

ከዚያ ስድቡን ጀመረ። "ከናንተ ግብር ይመጠምጣሉ፣ የሽማግሌ ሾርባ ቆርጠው ለወዳጆቻቸው ያድላሉ፣ አያፍሩም!" እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። በሽማግሌ ፊት፣ በቦታው የሌለን ሰው መስደብ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ምን ልበል? "ሌላው ወገን ትንሽ ተሳስቷል ይላሉ" አልኳቸው። ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነው እንዴ ብለው ተያዩ።

ሲጨርስ አባቴ ተነሣ። ጎንደር ዳኛ ፊት እንደሚቆሙት ጋቢውን አስተካክሎ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ። ለሦስት ቀን ሲያሰላስላት የከረማትን ጥያቄ በዝግታ አወጣት።

"እነሱ ሲመጡ ቆራጮቹ እናንተ ናችሁ። እናንተ ስትመጡ ደግሞ እነሱ ናቸው። ለመሆኑ በጀቱ የተቆረጠ ቀን እርስዎ እጅዎን ምን አደረጉት? አነሡት ወይስ አላነሡትም?"

 ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዕብራይስጡ አላጠረኝም። እንግዳ ነው፣ ገና ቦርካሱን እንኳ አልቀመሰ፣ በአባቴ አፍ እንዴት ላሳፍረው? ይሉኝታ ያዘኝ። "ስለመጡ ቶዳ ይላሉ፤ ሞዓዶኑ እንዳይዘጋም ይለምናሉ" አልኩ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እታገላለሁ" አለ፤ ተጨበጨበለት፣ ሄደ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ከብርቱካኑ እርሻ በኩል የራሰ ቅጠል ይሸታል። አባቴ ምርኩዙን ከጭቃው እየነቀለ ይራመዳል።

"ቶዳ ያልሽው በማን ስም ነው?" አለኝ።

ቶዳ ምስጋና መሆኑን የሚለይበት ያህል ዕብራይስጥ ተምሯል፤ ያውም እዚያው ሞዓዶን።

"እንግዳ ነው ብዬ ነው፣ አባዬ።"

"እንግዳ ይከበራል። እኔ ግን አላመሰገንኩትም። ቃሌን ምን አደረግሽው?"



በወሩ መጨረሻ ሞዓዶኑ ተዘጋ። ጥያቄው ቢተረጎምም ይዘጋ ነበር ይሉኛል፤ ይሆናል። ለእኔ አይበቃኝም። አባቴ ጥቂት ጊዜ እየሄደ በተቆለፈው በር ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን ሐኪም ቤት ስንሄድ እንኳ አስተርጉሚልኝ ብሎኝ አያውቅም። ሕመሙን በጣቱ እያሳየ፣ በተማራት ጥቂት ዕብራይስጥ ራሱ ይታገል ነበር። እንዲሁ እንደታገለ ሞተ።

ትናንት ሁለቱ በሬዲዮ ሲጯጯሁ ከአፌ አምልጦኝ፣ በዕብራይስጥ፣ ጮክ ብዬ "በጀቱ የተቆረጠ ቀን እጅህን ምን አደረግኸው?" አልኩ። ቃል በቃል፣ ምንም ሳላለሰልስ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ያስቸገረኝ ድምፁ መስሎት ሬዲዮውን ቀነሰልኝ። ሰዎቹ አይሰሙኝም። አባቴም አይሰማኝም።