የማይነፋበት ቤት

የካቲት ሲጋመስ የአዲስ አበባ ፀሐይ ቢሮዬ ውስጥ አላስቀምጥ አለችኝና አንዲት የጠረጴዛ ማራገቢያ ገዛሁ። ሰክቼ ሳበራት ወደ ግራ ዞር ባለች ቁጥር «ቀጭ» ትላለች። ለሻጩ ልመልሳት ተነሥቼ ነበር። ሦስተኛዋን «ቀጭ» ስሰማ ግን መልሼ ተቀመጥኩ። የሽንኩርትና የሞቀ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታው። ቢሮዬ ውስጥ ሽንኩርትም የለ፣ ማተሚያም የለ።

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ የነበረችው ጽሕፈት ቤት ማራገቢያ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ጽሕፈት ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ደጃፏ ላይ ደግሞ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ባለጉዳይ የሚቀመጥባት አግዳሚ ወንበር። ከፊት ለፊታችን አይሱዙዎች ሽንኩርት ሲጭኑ ይውላሉ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ወረቀቱ ገና ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ ይሞቅ ነበር። እኔ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ፣ ሥራ አጥቼ፣ እናትና አባቴ ቤት ተመልሼ የገባሁ ልጅ ነበርኩ። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለነበሩ ሰዉ ሁሉ «ጋሼ ጸሐፊ» ነበር የሚላቸው። ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው በአንድ ጣት ይተይባሉ፤ ያቺ አንድ ጣት ታዲያ አትሳሳትም።

እድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ነው። ችግሩ የአባላቱ ልጆች ሁሉ ተበትነዋል፤ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ዓረብ አገር። ሰው በሞተ ቁጥር ጋሼ ጸሐፊ መዝገባቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ሲደውሉ ይውሉና ወደ ማምሻው ድምፃቸው ይዘጋል። አንድ ቀን እንዲያ በተዘጋ ድምፃቸው «ልጄ፣ ያ የተማርሽው ነገር ለዚህ አይሆንም ወይ?» አሉኝ።

«ይሆናል» አልኩ። እንዴት እንደሚሆን ግን አላውቅም ነበር። ድፍረቴን ሳስበው አሁን ራሴ እደነግጣለሁ።

ኮሌጅ ሳለሁ በፍላሽ የገለበጥኩት አንድ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነበረኝ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተረዳድተው የሠሩት፣ ማንም በነጻ ወስዶ እንደ ልቡ የሚለዋውጠው ነው። የወደድኩለትም ይህን ነው። ሌላው ፕሮግራም ሆዱ ተቆልፎ ይሸጥላችኋል፤ ይኼኛውን ሆዱን ከፍቼ ብነካካው የሚቆጣኝ አልነበረም። ከተዘጋጁት መልኮች አንዱን መረጥኩ። ለውጭ አገር ምግብ ቤት የተሠራ ነው መሰለኝ፣ በረዶ የለበሰ ተራራና የወይን ብርጭቆ ነበረበት። ተራራውን አውጥቼ የሮቢ ወንዝን ድልድይ፣ ብርጭቆውን አውጥቼ የእድሩን ድንኳን አስገባሁ። ቀኑን በኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ተጨማሪ ፕሮግራም ደግሞ አንድ የማላውቀው የአገሬ ልጅ ሠርቶ በነጻ አስቀምጦት አገኘሁ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባስታወስኩት ቁጥር ግን እመርቀዋለሁ።

እንግሊዝኛውንም በሙሉ ወደ አማርኛ መለስኩት። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አግዳሚው ላይ ሻያቸውን ሲጠጡ ቆይተው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ጥሩምባቸውን እንደ ሕፃን በብብታቸው ይዘው ነው የሚዞሩት።

«ይቺ ምንድን ናት?» አሉ አንዷን ቁልፍ እያሳዩኝ።

«እሷን ሲጫኗት የተጻፈው በአባላቱና በልጆቻቸው ስልክ ሁሉ ይደርሳል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ንፋ በያታ።»

ቁልፏ «ንፋ» ተባለች።

አባሉ የልጆቹን ስልክ ቁጥር ይዞ ይመጣ ጀመር። አንድ የቀወት ገበሬ አይረሱኝም። ማንጎ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ከደብተር ላይ የተቀደደች ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ልጃቸው ደብረ ብርሃን ታስተምራለች። ስሟን ስጽፍ ስክሪኑን በጥርጣሬ አይተው «ስሟን ብቻ? አስተማሪ ብለሽ ጻፊ እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ማንጎውን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ እኒያው ሰውዬ ሞቱ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። በጋሼ ጸሐፊ እጅ ጽሑፍ የሟች ስም፣ የቀብር ቦታና ሰዓት ሰፍሮበታል። እሳቸው የሉም። የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅሁም። ፈጣን ነበርኩ፤ በፍጥነቴ ደግሞ እኮራ ነበር። ተየብኩና «ንፋ»ን ተጫንኩ።

ጥሩምባ ነፊው ከዙራቸው ተመልሰው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። «ነፋሽው እንዴ?» አሉ ስክሪኑን አይተው።

«አዎ።»

«ለማን ለማን?»

«ለሁሉም።»

«ለልጂቱም?»

አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ጋሼ ጸሐፊና አንድ ሽማግሌ ሊያረዷት አንቺ ከመግባትሽ በፊት ነው የተሳፈሩት» አሉኝ። የማራገቢያው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያን ቀን ጆሮዬ ውስጥ ሲቆረቁረኝ ዋለ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ነው ይዞት የሚሄደው፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው። እሷ ግን ክፍል ውስጥ እያስተማረች፣ ጠመኔ በእጇ እንደያዘች፣ የአባቷን ሞት ከስልኳ አነበበች። ጋሼ ጸሐፊ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ እሷ ብቻዋን ሚኒባስ ይዛ መንገድ ላይ ነበረች። ጣርማ በር፣ ዋሻው አካባቢ ሳይተላለፉ አልቀሩም።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ነጠላዬን ከተሰቀለበት አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይቅርታ የሚጠየቀው ፊት ለፊት ነው። ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። እስከ ድንኳኑ በር ሸኝታኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለኔ ተወችልኝ።

ልጂቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክሁ። መንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና «መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ» ብቻ አልኳት።

«ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር» አለች። «ስሙን እንኳን አላውቀውም። ደብረ ሲና ላይ ራሴን መቆጣጠር ሲያቅተኝ እጄን ያዘኝ፤ እስከ ሮቢት አልለቀቀኝም። እሱ ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። ሌላ ሰው ላይ እንዲህ እንዳይደርስ።»

«እዘጋዋለሁ» አልኳት።

«ማን ዝጊው አለሽ? አባቴ በእጁ ያስመዘገበኝ እኮ ነው። አስተካክዪው።»

ስንት ዓመት ሆነው። ያን ቀን ብትረግመኝ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ እኔም ኮምፒውተር የሚባል ነገር ዳግመኛ አልነካም ነበር። አሁን የምበላው እንጀራ ከዚያች አንዲት ቃል የመጣ ነው።

በእድሩ ስብሰባ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። «ይዘጋ» ያለው ብዙ ነው። «ሞትን በማሽን መጫወቻ አደረግነው» ያሉም ነበሩ፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ጋሼ ጸሐፊ ተነሥተው «ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀቱን ትቼ ስሄድ ቆይ አላልኳትም። እሷ የታዘዘችውን ነው የሠራች» አሉ። ማንም አላዘዘኝም ነበር። የእድሩ ዳኛ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ጊዜ ሰጡኝ፤ ካልተስተካከለ ሊዘጋ።

በማግስቱ ጥሩምባ ነፊውን አጠገቤ አስቀምጬ «እርስዎ ሲወጡ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ መጀመሪያ የማስበው የት እንደምነፋ አይደለም። የት እንደማልነፋ ነው» አሉ። ከዚያ ይዘረዝሩልኝ ጀመር። ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት ያሉበት ደጅ ሰው ቀድሞ ገብቶ ካላረዳ አይነፋም። አራስ ያለችበት በሩቅ ይታለፋል። ነፍሰ ጡር ካለች፣ ልቡ የታመመ ካለ፣ ከሌላ ለቅሶ ገና የገባ ካለ እንደዚሁ። እሳቸው ይህን ሁሉ ሳይጽፉ በጭንቅላታቸው ይዘው፣ ስንት ዘመን ጎህ ሲቀድ ከተማውን ዞረዋል። እኔ ደግሞ ለሁሉም እኩል የምትጮኽ ቁልፍ ሠርቼ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ያሉትን በሙሉ ጻፍኩት፤ ስሙንም «የማይነፋበት ቤት» አልኩት። ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ መመለሱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች በሚጠያየቁበት ገጽ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «በአገሬ ሞት ለሟች ቤተሰብ በስልክ አይነገርም፣ መልእክቱን እንዴት አቆየዋለሁ?» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ለምን አለኝ። ሌላው ሳይጠይቅ አሥር መስመር ያህል ጽፎ ላከልኝ። የት አገር እንዳለ አላውቅም፤ ያቺ አሥር መስመር ግን በሩን ከፈተችልኝ። እኔ ጅሏ ደግሞ ሥራዬን የጻፍኩት እዚያው ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ነበርና ማሻሻያ ስጭን የሁለት ሳምንት ልፋቴ ድራሹ ጠፋ። አለቀስኩ። ጋሼ ጸሐፊ ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ ገዝተው አጠገቤ አስቀመጡና «አንዴ የሠራ እጅ ይችላል፣ ኢንሻአላህ» ብለው ወደ ትየባቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ለብቻው፣ ከውጭ የሚሰካ አድርጌ ሠራሁት።

ስብሰባው ላይ ጋሼ ጸሐፊ ራሳቸው ሞከሩት። የሙከራ ሞት ጻፉ፤ «ንፋ» ግን የለችም። በቦታዋ «መርዶው ደርሷል? ማን ነገራቸው?» የሚል ጥያቄ ቆሟል። ያረዱት ሰዎች ስም ካልገባበት ቁልፏ አትወጣም። ቢያገላብጡም እምቢ አለቻቸው። ጥሩምባ ነፊው ከኋላ ሆነው ሳቁና «አሁን ገና ጥሩምባ ሆነ» አሉ። ዳኛው እንዲቀጥል ወሰኑ።

ያ ሥራ ነው አዲስ አበባ ያስቀጠረኝ። ያገኘሁት በነጻ ነበርና እኔም በነጻ አስቀመጥኩት፤ ሌሎች እድሮችም ወስደው በየራሳቸው ልማድ ለዋውጠውታል። የኛን እድር ገጽ ግን በአስተዳዳሪነት እኔው ከዚህ ሆኜ ስጠብቀው ኖርኩ። አስተዳዳሪ ደግሞ ገና ያልተነፋውንም ጽሑፍ ያያል።

አምና ሰኔ ላይ፣ አንድ ጠዋት ማሻሻያ ልጭን ስገባ «ይቅርታ፣ ይህን ገጽ ለማየት ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሳቄ መጣ። ጋሼ ጸሐፊ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። አንድ ሌባ ገጹን ሰብሮ ገብቷል ብዬ፣ ድረ ገጹን በኮምፒውተራቸው ለሚያስተናግዱልን ሰዎች አቤቱታ መጻፍ ጀመርኩ። በንዴት እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ጸሐፊ ናቸው፣ በኮፊያቸው ላይ ጋቢ ደርበው። ዳኛው አብረዋቸው አሉ፤ የኔም ጎረቤቶች ከኋላ ቆመዋል። ከመካከላቸው አስተማሪዋ ወጣች። በደብረ ብርሃን ሲያልፉ ይዘዋት ነው የመጡት። ማንም አፉን ሳይከፍት ቀድማ ገብታ ሁለት እጄን ያዘች።

«እናቴ ናት?» አልኳት።

«እናታችን» አለችኝ።

ወደ ሮቢት ስንወርድ ጋሼ ጸሐፊ ከፊት ወንበር ዘወር ብለው «ተቀየምሽኝ?» አሉኝ። «አንቺ ከሁላችን ቀድመሽ እንደምታዪ አውቃለሁ። እዚያ ላይ አንብበሽው ቢሆንስ? ላስወጣሽ ስል የት እንደሚጫን ጠፋኝ። መጀመሪያ ዳኛውን አስወጣሁ፣ ከዚያ አንቺን፣ ወጥታለች ወይ ብዬ ስነካካ ራሴን።» እያለቀስኩ ሳቅሁ። ዳኛውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሲስቁ አየኋቸው። አስተማሪዋ እጄን አልለቀቀችም።

ገጹን የሚከፍት ሰው አልቀረምና የእናቴ ሞት እዚያ ላይ አልወጣም። ጥሩምባ ነፊው በእግራቸው ዞሩ፤ የእድሩ ሴቶች መዝገቡን ተካፍለው እስኪደክማቸው ደወሉ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ ድረ ገጹን በሚያስተናግዱልን ሰዎች በኩል ከፈትኩት። ጋሼ ጸሐፊን መለስኳቸው፤ ዳኛውንም መለስኩ። ከዚያ የራሴ ስም ጋ ደረስኩ። ከጎኑ ሁለት ምርጫ አለ፤ «አስተዳዳሪ» እና «አባል»። አባቴ ሮቢት ነው፤ ጉልበቱም እየደከመ ሄዷል። የኔ ቤት ከእንግዲህ የማይነፋበት ቤት እንዲሆን ፈለግሁ። «አባል» የሚለውን መረጥኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።