ገዳሪፍ የሚያደርስ ሐዲድ

ማሐሪ በየማለዳው ጸሎቱን እንዳደረሰ መጥረጊያውን ብስክሌቱ ላይ ያስርና ከሚኖርበት ሰፈር ከሮቫ ዛይን ተነሥቶ ከከተማው ውጭ ወዳለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። ሌሊት ነፋስ የከመረውን አሸዋ ከመሳፈሪያው ድንጋይ ላይ ይጠርጋል። ጥረግ ያለው የለም። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ መጋዘን ውስጥ ወገቡ እስኪሰበር ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነውና፣ የሚያውቁት ሰዎች ሥራ መፍታት አይሆንለትም ይላሉ።

ጣቢያውን እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሠሩት። ዛሬ ጣሪያው ወድቋል፤ የቲኬት መሸጫው መስኮት ብረት ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። በመንገደኞች ማረፊያ መካከል አንዲት የበለስ ዛፍ በቅላ ሥሯን በግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ሰድዳለች። ያን ግድግዳ የሰነጠቀችው እሷ ናት፤ አቅፋ ያቆመችውም እሷው ናት። ማሐሪ መጀመሪያ ያያት ቀን አፉን ይዞ ቆሞ ቀረ።

የቦታውን ታሪክ ያጫወተው ውሻውን እዚያ የሚያናፍሰው መናሔም ነው፤ በሐዲድ ጥገና ያረጀ ሰው ነው። ድሮ መንገደኛ ከዚህ ተሳፍሮ በጋዛ አልፎ፣ የሲናን በረሃ አቋርጦ ካይሮ ይገባ ነበር አለው። በአርባ ስምንቱ የአረቦችና የአይሁድ ጦርነት ወደ ካይሮ የሚሄደው መስመር ተቆረጠ። ጣቢያው የብርቱካን ማከማቻ ሆነ፣ ኋላም የእርግብ።

«ከካይሮስ ወዲያ?» ሲል ማሐሪ ጠየቀ። መናሔም በጣቱ አሸዋው ላይ መስመር እየሳለ ቀጠለ፤ በሌላ ባቡር ወደ አስዋን፣ በዓባይ ላይ በመርከብ፣ ከዚያ በሱዳን ባቡር።

«ካርቱም» አለ፤ ጣቱን ገፋ አድርጎም «ገዳሪፍ።»

ማሐሪ መጥረጊያውን ጥሎ መስመሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

ወጣት ሳለ፣ ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ከቤተሰቡ ጋር ከወገራ በእግራቸው ሱዳን ሲገቡ፣ እናቱ ወይዘሮ አበሩ ገዳሪፍ ስደተኞች ሰፈር ውስጥ ታመው አረፉ። ታላቅ እህቱ ጸሐይነሽ ከሰፈሩ ጀርባ፣ የአገራቸው አይሁዶች በተኙበት ይቀበሩ አለች። ማሐሪ ግን በዚያ ሰሞን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዲድ አይቶ ነበር። ይህን ያህል ብረት በምድር ላይ የሚዘረጋ ሰው ከኢየሩሳሌም ሌላ የት ሊሄድበት ይችላል? ሽማግሌዎቹንም በዚሁ አሳመነ። እናቱ መንገዱ ላይ እንዲሆኑ በሐዲዱ ዳር ቀበሯቸው። መስመሩ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ እንደሚሄድ የሰሙት በኋላ ነው።

ጸሐይነሽ ይቅር አላለችውም። እናቷ ለብቻቸው በባዕድ ሜዳ የቀሩት በእሱ ነው። ሰርግ ላይ ሲገናኙ፣ ሰው እየሰማ፣ «ምነው፣ የእማዬ ባቡር ዛሬም አልደረሰ?» ትለዋለች። በየዓመቱ ተዝካር ታወጣለች፤ እሱን አትጠራውም።

በዚህ ክረምት የሁለተኛ ሐዲድ ሥራ ስለሚጀመር ጣቢያው እንደሚፈርስ አጥሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማሐሪ ስልክ አንሥቶ ጣቢያውን መጥታ እንድታይ እህቱን ለመናት። ሦስቴ እምቢ ብላ በአራተኛው መጣች፤ በታክሲ፣ በምርኩዟ፣ ፊቷን አጥቁራ።

የመስመሩን ነገር ከእሱ አፍ ልትሰማ አልፈለገችም። መናሔምን አስጠርታ፣ ማሐሪ ዘወር እንዲል አዝዛ፣ በዕብራይስጥ ራሷ ጠየቀችው። መናሔም እንደገና አሸዋው ላይ ሳለላት። አጥፍቶ እንዲስል አደረገችው፤ ወንድሟ ያስጠናው እንደሆነ ልታውቅ ነው። ሁለተኛውም ያው ሆነ።

ጸሐይነሽ ከበለሷ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወደ ከተማው ወደብ የሚሄድ የዕቃ ባቡር በአጠገባቸው ሲያልፍ ግንቡ ተርገፈገፈ፤ እርግቦቹ በጣሪያው ቀዳዳ ሽቅብ ተበተኑ። እሷ ግን ዓይኗን ከአሸዋው መስመር አላነሣችም። ከዚያ ኩርምት ካለችበት፣ ከእግሯ አጠገብ ጀምሮ እስከ ገዳሪፍ ያለውን በምርኩዟ ጫፍ በቀስታ ተከተለችው።

«እውነትም እማዬ መንገዱ ላይ ናት» አለች።

ማሐሪ ሊያስነሣት እጁን ዘረጋላት።

«አውቀህ እንዳይመስልህ ደግሞ! ገጠመልህ እንጂ።»

«ገጠመልኝ፣ እታለም» አለ።

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ክንዱን ያዘች። የተዝካሩ ቄስ ስልክ እንደማያነሡ፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚነግራቸው ሰው እንደሚያስፈልግ እስከ ታክሲው ድረስ ስታማርር ሄደች።

ጣቢያው በመጪው በዓል ማግሥት ይፈርሳል። ተዝካሩ ሐሙስ ነው፤ ቄሱን የሚያመጣው ማሐሪ ነው።