የልጄ ካስኮ

ያገለገለው የበረዶ ሆኪ ካስኮ፣ ጭንቅላት የሚከላከለው ጠንካራ ቆብ፣ ልጄ ራስ ላይ ይወዛወዛል። ፒኜቶ ሰፈር ያለው ጣሊያናዊ ሻጭ ማሰሪያውን ከአገጯ ሥር እያጠበቀ፣ «ሲኞራ፣ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፤ ታድጋለች» አለኝ።

አባቴም ለአዲስ ዓመት ጫማ ሲገዛልኝ እንዲሁ ነበር የሚለው። አዲስ ቆዳ የሚሸተውን ጫማ ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ «ትደርሽበታለሽ፤ እግርሽ እንደሆነ ከማደግ አያርፍም» ይለኝና ይስቃል። ስሮጥ እወድቃለሁ። የሰፈር ልጆች «ጀልባዋ ሰጠመች!» ይሉኛል።

ባለቤቴ ግን የሚያድግ ልጅ አልነበረም። የግንባታ ሥራ አለቃው የሰጠው ካስኮ ሰፍቶት ነበር፤ ከመሰላል ወድቆ በሞተ ዕለት ካስኮው ቀድሞት መሬት ደረሰ።

«የሚመታው የዛሬ ጭንቅላቷ ነው!» ብዬ ሻጩ ላይ ጮኽኩበት።

«ማማ፣ ባስታ፣ ይብቃሽ! ሰው እያየን ነው» አለች ልጄ።

«ይየን!»

ከዚያ ያነሰ ካስኮ ሱቁ ውስጥ የለም። ልጄ ደግሞ አላወልቅም አለች።