ከሆሳዕና አንጋጫ፣ በላላ ጎማ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ዛሬ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ የሄድኩት ወንበር ለማድረስ ነው። የአንጋጫ ምእመናን ለጉባኤያቸው መቀመጫ አጥሯቸው ቤተ ክርስቲያናችን ሰማንያ የፕላስቲክ ወንበር አዋሰቻቸው። ቆጥሮ ማስረከቡ ለእኔ ተሰጠ፤ ሰው ፊት መናገር እንደማልወድ፣ ቁጥር ግን እንደማልስት ሁሉም ያውቃል።

ጋሽ ኤርሲዶ ስንዴ የሚያርሱበትን ትራክተር ከነተሳቢው ይዘው መጡ። ለጉባኤው ክብር ሲሉ ትናንት የተሳቢውን ጎማዎች ፈትተው ቸርኬውን ብርማ ቀለም ቀብተውታል። በጉባኤው የሚዘምሩ ሰባት እናቶች ተሳቢው ላይ ከወንበሮቹ ጋር ተጨናንቀው ተቀመጡ።

ጋሽ ኤርሲዶ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጸለይ ጀመሩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ቆጠራዬን ስላልጨረስኩ አልጨፈንኩም፤ ዓይኔ በግራው ጎማ ላይ አረፈ። በአንዱ ብሎን ዙሪያ አዲሱ ቀለም ተሰንጥቋል። ስለ ጎማ የማውቀው ነገር የለም፤ ግን ትናንት የተቀባ ቀለም ዛሬ ለምን ይሰነጠቃል?

«አሜን» ተባለ። በእኛ ዘንድ ከአሜን በኋላ ጉዞ ነው፤ ተመልሶ የሚመረምር ሰው ጸሎቱን የተጠራጠረ ይመስላል። ዝም ብዬ ተሳፈርኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል

ከከተማው ስንወጣ መንገዱ በእንሰትና በድንች ማሳ መሃል ገባ። ኮረኮንቹ ያንገጫግጫል፤ እናቶቹ ግን መዝሙር አላቋረጡም። የበቆሎ ጥብስ ሲያዩ «አቁም!» ብለው ጮኹ። አንዱ ሃያ ብር። እነሱ ዋጋ ሲከራከሩ እኔ ወደ ጎማው ሄድኩ። ስንጥቁ በሦስት ብሎኖች ዙሪያ ሆኗል። ከፊታችን ረጅም ቁልቁለት ነበር።

«ጋሽ ኤርሲዶ…»

«ምን አልሽ ልጄ? አልሰማሁሽም።»

«ብሎኑን… አንዴ ቢያዩት።»

«ጸልየን አይደል የተነሳነው?»

እናቶቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። በአካል ከሁሉም የሚያንሱት፣ በአንደበት ግን ከማንም የማያንሱት እማማ ዓለሚቱ በቆሏቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ጌታማ ይጠብቃል። አንተ ግን ያንን የጎማ መፍቻ ለምን ተሸክመህ ትዞራለህ? ለጌጥ ነው?»

ጋሽ ኤርሲዶ እየሳቁ ወረዱ፤ መፍቻውን ሳያነሱ ብሎኑን በጣታቸው ነኩት። በጣታቸው ዞረ። ሳቁ ቆመ።

«ሁላችሁም ውረዱ» አሉ በቀስታ።

ተሳቢውን በክሪክ አነሱት። ብሎኖቹን ፈትተው የሚያርፉበትን ቦታ በቢላዋ ፋቁ፤ ብርማው ቀለም እንደ ቅርፊት ተላጠ። «ይኸው» አሉኝ። «ብሎኑ የያዘው ብረቱን አልነበረም፤ ቀለሙን ነበር።» መልሰው ሲያስሩ አንዱን ጠበቅ ካደረጉ በኋላ ፊት ለፊቱ ወዳለው ይሄዳሉ፤ ጎማው እንዳይጣመም ነው አሉ። ሁለቱንም ጎማ እንዲሁ አደረጉ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላም ቆመው እንደገና አጠበቁ።

አንጋጫ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ሰማንያውን ወንበር ቆጥሬ አስረከብኩ። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልን። ለምን እንደዘገየን ሲጠየቁ ጋሽ ኤርሲዶ በመንገዱ አላሳበቡም። «እነዚህን እናቶች ገደል ልከታቸው ነበር። ያተረፈችን ይቺ ናት» አሉ። ሁሉም ሲያጨበጭቡልኝ አንገቴን ደፍቼ ቆጮዬን ቆረስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት

እናቶቹ ለእሁድ እዚያው ቀሩ። እኔ ከጋሽ ኤርሲዶ ጋር ተመለስኩ። መንገድ ላይ ብሎን ለማየት ሞተሩን ሲያጠፉ እንደምንም ተናገርኩ።

«ስንጥቁን ጠዋት፣ ገና ሳንነሳ አይቼው ነበር።»

መፍቻውን ከብሎኑ ላይ አነሱ።

«እኔም ከኋላ ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር» አሉ። «ከአሜን በኋላ ለማቆም አፈርኩ።»

እኔ በዓይኔ፣ እሳቸው በጆሯቸው እያወቅን ሰባት እናቶችን ያን ሁሉ መንገድ ወስደናል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ጨዋነት የመሰለኝ ዝምታ ፍርሃት ነበር።

ሆሳዕና እስክንገባ አንድ ጊዜ ደግመን ቆምን። ያቁሙ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ድምፄም ከሞተሩ በላይ ተሰማ።